የአሰለች ቃል

የመሣሪያ ምዝገባው ሰኞ እንደሚጀመር የተነገረው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ቆሞ አዲሱን ሕግ አስረዳ። ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ ያሳስራል። አንድ ሰው ከአንድ መሣሪያ በላይ አያስመዘግብም። በለቅሶም ሆነ በሠርግ መተኮስ ቀርቷል። ወንዶቹ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ዝም ብለው ሰሙት። በመጨረሻ ላይ፣ "ባለመሣሪያው ጤነኛና ጠበኛ ያልሆነ ሰው ስለመሆኑ ጎረቤቱና ሚስቱ ይጠየቃሉ" ሲል ግን ሳቅ ተነሣ።

"ሚስቴን ከጠየቃችሁማ አለቀልኝ" አለ አንዱ፣ ሳቁም ባሰ።

አሰለች ከሴቶቹ መሐል ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ባሏን ደሳለን በዓይኗ ስትፈልገው ከወይራው ሥር ለብቻው ቆሞ አየችው። ክላሹን በቀኝ ትከሻው አንግቶ መሬት መሬት ያያል። የተባለውን ይስማው አይስማው አይታወቅም።

ቤታቸው ከአሸተን ማርያም በታች ባለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ገብስና ምስር ያርሳሉ። ምናለ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ላሊበላ ከተማ አስጎብኚ ሆኖ እንግዶችን በበቅሎ ወደ አሸተን ያወጣ ነበር። ኮሮና መጣና እንግዳ ጠፋ። ምናለ ዛሬ ነገ እያለ ከጠበቀ በኋላ በጂቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ለመሄድ ወሰነ። አሰለች አይሆንም ብላ አለቀሰች። አባቱ ግን፣ "ሂድ፤ እዚህ ተቀምጠህ ምን ትሆናለህ?" አለው። ጀልባቸው ባሕር ላይ ተገለበጠ። ወሬውን በስልክ የነገራቸው ከእሱ ጋር የነበረና የተረፈ አንድ የሙጃ ልጅ ነው። አስከሬን አልመጣም። በለቅሶው ቀን ደሳለ ጠመንጃው የጎረሰው ጥይት እስኪያልቅ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ የከለከለው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከአፉ ቃል ማውጣት እየከበደ ሄደ።

የምዝገባው ወሬ ገና ሳይሰማ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ አሰለች ላሟን ልታልብ ወደ ጋጣው ወረደች። በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። በሳንቃው ክፍተት ስትመለከት ደሳለ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጠመንጃው ከጉልበቶቹ መሐል ነው። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ጩኸቱ ራሱ እንዳያስደነግጠው ፈራች። ድምጿን እንደ ዘወትሩ ለማድረግ እየታገለች፣ "ደሳለ፣ ጊደሯ ወደ ገደሉ ወርዳለች፤ ቶሎ ድረስልኝ" አለችው።

 ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሳያያት አልፏት ወደ ገደሉ ወረደ። አሰለች እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች። ረፋድ ላይ ተመልሶ መጣ። ጊደሯ የት እንዳለች አልጠየቀም። 

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣች። ጥይቱን ከገብሱ ጎተራ ሥር ብትቀብረው ፈልጎ አገኘውና ቃል ሳይተነፍስ ወደ ቦታው መለሰው። የነፍስ አባታቸውን መምሬ ሀብተ ሥላሴን ስትጠይቃቸው ወደ ጠበል እንድትወስደው መከሯት። ለእሳቸው የነገረቻቸው ባሏ ኀዘኑ እንደጸናበት ብቻ ነው። ያየችውን ለመናገር አፏ አልደፈረም፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ ነገሩም የሚሆን መሰላት። ጠበሉን ስታነሣበት ደሳለ፣ "ምን ሆንኩ ብዬ?" አላት፤ በዚያው ቀረ።

ቀጥላ ወደ ታናሽ ወንድሙ ወደ የኔሰው ሄደች። የኔሰው አጥር እያጠረ አገኘችው።

"የወንድምህን መሣሪያ ለጥቂት ጊዜ ብትይዝልኝ" አለችው።

"እኔ? ለምን?"

"ኀዘኑ አልወጣለት ብሎ... ሳየው አላማረኝም።"

የኔሰው እሾሁን ከእጁ ነቀለና ቀና አለ። "እታለም፣ ልጁን ያጣ ሰው ነው። አሁን ደግሞ መሣሪያውን ልውሰድበት? ሁለት በሬ ሸጦ የገዛትን? በሰው መሐል ራቁቱን እንዲሆን ነው የምትፈልጊው?"

"እንዲያ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አሰለች ነጠላዋን አስተካከለች። "ተወው" አለችና ተመለሰች።

የምዝገባው ሰኞ ማለዳ ደሳለ ጠመንጃውን በጨርቅ ወልውሎ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደ። አሰለች ከኋላው ተከተለችው። ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ወንዶቹ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተራ ይጠብቃሉ። የኔሰውም ነበረ። ሴቶቹ በሌላው ወገን ተቀምጠው አንድ በአንድ ወደ ትንሿ ክፍል ይገባሉ። የገባችው ሁሉ ብዙ ሳትቆይ እየሳቀች ትወጣለች። ገለቴ፣ የየኔሰው ሚስት፣ ስትወጣ፣ "ጤነኛ ነው ወይ ሲሉኝ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው አልኳቸው" ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው።

ክፍሉ ውስጥ የነበረችው መዝጋቢ ትርሐስ የምትባል የላሊበላ ልጅ ናት። ከጠረጴዛው ጀርባ ተነሥታ፣ "እናቴ፣ አረፍ ይበሉ" አለቻት።

አሰለች ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ባለቤትዎ አቶ ደሳለ መሣሪያ እንዲይዙ ይቃወማሉ?"

አሰለች ወደ በሩ ዞረች። "እዚህ የሚነገረው ውጭ ይሰማል?"

"አይሰማም። ይመታዎታል እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም። እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም።"

"ከሰው ጋር ጠብ አላቸው?"

"የለውም።"

"መጠጥስ ያበዛሉ?"

"አያበዛም።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ መጻፍ ስትጀምር አሰለች፣ "ቆይ ልጄ" አለች።  ትርሐስ ጠበቀቻት።

"በሰው ላይ ክፉ አያደርግም" አለች አሰለች በመጨረሻ። "የምፈራው በራሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለውንም ትጽፉታላችሁ?"

ትርሐስ ብዕሯን አስቀመጠች። "ተናግረው ነው ወይስ ያዩት ነገር አለ?"

"አይቻለሁ።"

"ለሰው ነግረዋል?"

"ለማንም።"

ልጅቷ ከአሰለች ልጅ በዕድሜ ብዙ የምትበልጥ አትመስልም። "እንዲህ ከሆነ ፈቃድ አይሰጣቸውም፣ እናቴ። ሐኪም አይቶ ደኅና ናቸው እስኪል ድረስ መሣሪያው እኛ ዘንድ ይቆያል። ማን እንደተናገረ እኔ አልነግራቸውም። ግን ሁለቱም ጎረቤቶች መልካም ቃል ሰጥተዋል፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እሳቸው ቢያስቡት ማን እንደተናገረ ያውቁታል።"

"ሳልናገር ብወጣስ?"

"ይዘውት ይገባሉ።"

አሰለች ከውጭ የወንዶቹን ወሬ ሰማች። የደሳለ ድምፅ በመሐላቸው የለም። ሰው ምን ይላል የሚለውን አሰበች፤ እሱ ምን ይላታል የሚለውንም አሰበች። ከዚያ በሳንቃው ክፍተት ያየችው ፊት መጣባት፣ የተከደኑት ዓይኖች።

"ጻፊው" አለች።

ደሳለ ተጠርቶ ገባ። ሲወጣ ትከሻው ላይ ምንም አልነበረም። ከዛፉ ሥር ወሬው ቀጥ አለ። የኔሰው ተነሥቶ፣ "ምን አሉህ?" አለው።

"ሐኪም ይይህ አሉኝ" ብሎ አልፎት ሄደ። በአቀበቱ መንገድ ሁሉ ከፊቷ ሲራመድ የቀኝ ትከሻው እንደለመደው ከፍ ብሎ ነበር። አሰለች ያንን እያየች ሄደች።

ከቀበሌው ወንዶች ፈቃድ ያልተሰጠው እሱ ብቻ አልነበረም። የአንዱ መሣሪያ ቁጥሩ ተፍቆ ስለተገኘ ተወሰደበት፤ ሌላው ሁለት ይዞ ስለመጣ አንዱን አስረከበ። ለእነሱ ግን ሰው አዘነላቸው እንጂ አልተንሾካሾከባቸውም። ደሳለን ያበደ ነው ያለው አለ፣ ድብቅ ወንጀል ተገኝቶበት ነው ያለውም አለ። መጋቢት ላይ አንድ ሽማግሌ ሲሞቱ ወንዶቹ እንደ ወጉ መሣሪያ ይዘው ለቀብር ተሰለፉ፤ መተኮሱ ቢቀርም መሰለፉ አልቀረም። ደሳለ ዱላውን ይዞ ከመጨረሻው ቆመ። ከጎኑ የነበረው ሰው ቀስ እያለ ፈቀቅ አለ። አሰለች ከሴቶቹ መሐል ሆና አየችው።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ ለመነችው። "እብድ ነህ የሚል ወረቀት ልታስጽፊብኝ ነው?" አላትና ወጣ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የኔሰው ከወንድሙ ጋር ተቀምጦ ሲጨዋወት፣ ክፋት ሳያስብ፣ "አሰለችም እኮ ያኔ መሣሪያውን ያዝልኝ ብላኝ ነበር" አለው። ደሳለ ቤት ሲገባ እሷ ምስር ትለቅም ነበር። ከፊቷ ቆመ።

"አንቺ ነሽ?"

ልትክድ አስባ አታውቅም፤ አሁንም አላሰበችም። "እኔ ነኝ።"

"ምን ብለሽ?"

"ጋጣው ውስጥ ያየሁትን።"

ፊቱ ሲለዋወጥ አየችው። መጀመሪያ ቁጣ መስሏት ነበር፤ ኋላ ግን እፍረት እንደሆነ ገባት፤ ከቁጣው ይልቅ እፍረቱ ጎዳት። ደሳለ ቁርበቱንና ጋቢውን ጠቅልሎ ወደ ጋጣው ወረደ። ከዚያ ወዲያ አዳሩ እዚያ ሆነ። ምግብ ስታቀርብለት ይበላል። ስትጠይቀው አዎ ወይም አይ ይላል። ከዚህ ያለፈ ነገር የለም።

አሰለች ጠመንጃው ከቤት ቢወጣ እንቅልፏ የሚመለስ መስሏት ነበር። አልተመለሰም። መሣሪያው ሄደ እንጂ የሰውየው ሐሳብ አልሄደም፤ ገደሉም ከደጃቸው ሩቅ አይደለም። ጎሕ ሲቀድ የማታውን ወተት በቅል ይዛ ወደ ጋጣው ትወርዳለች። ጠጣ ልትለው ብቻ አይደለም የምትወርደው፤ ሲያስል ወይም ሲገላበጥ ከሰማች በኋላ ነው በሩን የምትመታው።

እንዲህ እያሉ ክረምት ገባ። በሰሜን የተነሣው ጦርነትም ወደ ላስታ ተቃረበ። መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲወጣ ጥሪ ተደረገ፤ ፈቃድ ተቀብለው የነበሩት ወንዶች ከየጎጡ ተሰብስበው ሊሄዱ ሆነ። የኔሰው ስንቁን ይዞ ሊሰናበት መጣ። ደሳለ ካፖርቱን ለብሶ ዱላውን ይዞ ወጣ።

"እኔም እሄዳለሁ" አለ።

"በምን?" አለው የኔሰው።

"በዚህም ቢሆን።"

"ወንድሜ፣ አንተ ቆይ። ገለቴና ልጆቹ ለብቻቸው ናቸው። ሁለታችንም ከሄድን ማን ያያቸዋል?"

ደሳለ ተከራከረ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ያልተናገረውን ያህል በአንድ ጊዜ ተናገረ፤ ከሴቶች ጋር የሚቀር ወንድ ሆኜ ልኖር ነው ወይ አለ፣ በታናሽነትህ አታዘኝም አለ። የኔሰው ግን አልተረታም። በመጨረሻ ደሳለ ዱላውን ጥሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

አሰለች የኔሰውን እስከ መንገዱ ሸኘችው። ትንሽ እንደሄዱ ቆመ።

"እታለም፣ ያኔ አጥር ሳጥር የመጣሽው፣ ምን አይተሽ ነበር?"

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከትርሐስና ከባሏ በቀር ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገረችው። የኔሰው ሰምቷት ሲያበቃ ፊቱን በእጁ ጠረገ።

"ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ ያኔውኑ እወስድለት ነበር። ለምን ሸሸግሽኝ?"

"ብነግርህ አገር ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ስሙን ላድንለት ብዬ።"

"እኔ ደግሞ አንቺን ተቆጣሁሽ" አለ። ከዚያ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዘችው። ሌሎቹ ከታች እየጠሩት ስለነበር ወረደ።

ጦርነቱ መጣ፣ ሄደ፣ እንደገናም መጣ። ከቀበሌው የተወሰዱት መሣሪያዎች የት እንደደረሱ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። በኅዳር ወር አንድ የኩልመስክ ሰው እየጠየቀ የገለቴ ቤት ደረሰ። ከየኔሰው ጋር አብሮ እንደነበረ፣ የኔሰው በመጀመሪያው ሳምንት እንደወደቀ፣ በአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን እንደቀበሩት ነገራቸው።

በለቅሶው ገለቴ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ አሰለች ልትደግፋት ቀረበች። ገለቴ እጇን አስለቀቀቻት።

"የአንቺ ባል መሣሪያ ስላልነበረው በሕይወት አለ" አለች፤ ድምጿ ከፍ አላለም። "የእኔን ጤነኛ ነው አልኩላቸው። በአፌ ነው የላክሁት።"

ሴቶቹ "ተይ፣ ተይ" አሏት። አሰለች ባሏ በሕይወት መኖሩን ማመስገን ፈለገች፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ ማመስገን ግን ነውር መሰላት። ደሳለ ከወንዶቹ ዘንድ ተቀምጦ ገለቴ ያለችውን ሰምቷል። ራሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ ማታ ቀና አላለም።

ከዚያ ቀን በኋላ አሰለች ፍርሃቷ ጸና። ደሳለ ግን ያላሰበችውን አደረገ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወተቱን ይዛ ስትወርድ ጋጣው ባዶ ነበር። ወደ ገደሉ እየሮጠች ወረደች፤ እዚያ የለም። ስትመለስ የጎረቤት ልጅ ከየኔሰው ማሳ እንዳየው ነገራት። ሄዳ ስታይ ለብቻው የወንድሙን ገብስ ያጭዳል። ቆማ አየችው፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች፤ ሳትጠራው ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የሁለቱንም ቤት አዝመራ እሱ ሰበሰበ። ወቃ፣ ወደ ጎተራ አስገባ። ገለቴ መጀመሪያ ሰላም አትለውም ነበር፤ ኋላ ውኃ ታቀብለው ጀመር። አሰለችን ግን እስከ ዛሬ የምታናግራት ለበዓል ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ የየኔሰውን ማሳ ለዘር እያረሰ ሳለ አሰለች ምሳ ይዛለት ወጣች። በሬዎቹን አቁሞ ከድንጋዩ ካብ ሥር ተቀመጠ። እሷም በስተወዲያ ተቀመጠች፤ ከጎኑ ከተቀመጠች ቆይታ ነበር። አንድ ሁለት ጎርሶ እጁን አቆመ።

"ምናለን ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ።

ልጁ ከሞተ ወዲህ ስሙን ሲጠራ ስትሰማው ይህ የመጀመሪያው ነበር። አትናገር ማለትን ፈራች፤ ተናገር ማለትም አቃታት።

"አንቺ አይሆንም ብለሽ ነበር" አለ ደግሞ።

"አለቀስኩ እንጂ መች ከለከልኩት" አለች አሰለች። "ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። በሶውን ፈጭቼ፣ ጫማውን አጥቤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሩን ብዘጋበት ኖሮ እላለሁ።"

ደሳለ ዞሮ አያት። ይህን አስቦት የሚያውቅ አይመስልም። ለሷም የምታስበው እንጂ የምትናገረው ነገር አልነበረም። ከበሬዎቹ አንዱ ራሱን ሲነቀንቅ ቀንበሩ ሲጢጥ አለ። ደሳለ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

"በእኔ ላይ የተናገርሽውን..." ብሎ ጀመረ።

"አሁንም ቢጠይቁኝ እናገራለሁ" አለች ሳታስጨርሰው።  "ብትጠላኝም።"

"አልጠላሁሽም" አለ። "አፍሬሽ ነው።"

 ምሳውን በላ፤ ጠላውን ጠጣና ሞፈሩን ያዘ። ማታ ከጋጣው ጋቢውን ብቻ ይዞ ወደ ቤት ወጣ፤ ቁርበቱን በማግስቱ አመጣው።

ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ጠበሉን ግን ክረምት ሳይገባ መምሬ ሀብተ ሥላሴ አብረውት ወጥተው ለሁለት ሱባዔ ተጠመቀ። ተመልሶ ሲመጣ ትንሽ ይናገራል፤ አንዳንዴ ዝምታው ይመለስበታል፤ ያን ጊዜ ሳምንት ሙሉ ቤቱ ይጨልማል። መሣሪያዬን መልሱልኝ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ቢጠይቅም የት እንዳለ የሚነግረው አያገኝም። በቀብር ላይ አሁንም ከመጨረሻው ይቆማል፤ ከጦርነቱ ወዲህ ግን ከጎኑ የሚቆሙ ባዶ እጃቸውን የሆኑ ሌሎችም አሉ።

አሰለች ትክክል ሠርታ እንደሆነ ሰው ቢጠይቃት የምትሰጠው መልስ የላትም። የገለቴን ልጆች ባየች ቁጥር ዓይኗን ታሸሻለች። ደሳለ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ወደ ጋጣው ሲወርድ እሷ ከመኝታዋ ሳትነሣ ታዳምጣለች፤ የበሩን ድምፅ፣ ከላሟ ጋር የሚነጋገረውን፣ ወተቱ በቅሉ ውስጥ ሲወርድ። ያን ከሰማች በኋላ ትነሣለች።